የዛፍ ሽበት ብግነት ያበርዳል? «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ደህና ሆነ» ሲባል ምን ተለካ?

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሸቤ ሲወጡ የቡናው ጥላ የሆኑት ሰሳና ዋንዛ ግራጫ አረንጓዴ ነገር ለብሰው ይታያሉ። ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠል አለ፤ ግንድ ላይ የሚለጠፍም አለ። ሰዉ «የዛፍ ሽበት» ብሎ ያልፈዋል፤ በሳይንሱ ሊከን ይባላል። ስለዚህ ነገር በየጊዜው በቴሌግራምና በፌስቡክ አንድ ዓይነት ወሬ ይዞራል፦ የሊከን ጭማቂ እብጠትና ሕመም እንደሚያስታግስ በእንስሳት ላይ ተረጋገጠ፣ ጉዳትም አልታየበትም። ከሥሩ «እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ስንት ማንኪያ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ቁርጥማት ለሚያሠቃየው ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አልዋሹም። ችግሩ ቤተ ሙከራው የለካው ነገርና አንባቢው የተረዳው ነገር መራራቃቸው ነው። ስለዚህ ሥራው ከጫካው ጀምሮ እስከ አይጧ ጉበት ድረስ እንዴት እንደሚሄድ እንይ። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊከን ተክል ነው? ቡናዬንስ ያደርቅብኛል?

ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ የሚኖሩበት አካል ነው፤ በአንዳንዱ ዓይነት በአልጌው ፋንታ ከፀሐይ ምግብ መሥራት የሚችል ባክቴሪያ ይገኛል። ፈንገሱ አካሉን ይሠራል፣ ውኃና ማዕድን ይይዛል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ፈንገሱም ከዚያ ይመገባል። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር ይህን በ1867 ሲናገር ከዘመኑ የሊከን አዋቂዎች የተሳለቁበት ብዙዎች ነበሩ።

ቡናውን መጦ ያደርቀዋል ብሎ የሚፍቀው ገበሬ አለ። ሊከን ግን ሥር የለውም፤ ቅርፊቱን መቆሚያ አድርጎ ምግቡን ከአየር፣ ከዝናብና ከብርሃን ያገኛል። ያረጀ፣ ቅጠሉ የሳሳ ቅርንጫፍ ብርሃን ስለሚያስገባ እዚያ ላይ ይበዛል፤ ለዚህ ነው ገዳዩ እሱ የሚመስለው።

ለመድኃኒት ምርምር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኡስኒያ የሚባለው፣ ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ወገን ነው። መለየት የፈለገ ሰው አንዱን ክር ነቅሎ በውኃ ካራሰው በኋላ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ይሳበው፦ የላዩ ግራጫ ቅርፊት ይሰነጠቅና ከመሐሉ የሚለጠጥ ነጭ ጅማት ብቅ ይላል። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሌሎች ሊከኖች ይህ ጅማት የላቸውም። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው፤ አንዱ ዝርያ የሚሠራው ኬሚካል ከሌላው ይለያልና። ተመራማሪ ከጫካ ያመጣውን ናሙና በባለሙያ አስለይቶ ቁጥር አሰጥቶ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በሚቀመጡበት ሄርባሪየም፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ዝርያው ያልተገለጸ «የሊከን ጥናት» ካያችሁ ንባቡን እዚያው ማቆም ትችላላችሁ።

ለምን መድኃኒት ይፈለግበታል?

ሊከን ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ አብዛኛው በዓመት የሚያድገውም በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ነፍሳት ይግጡታል፣ ባክቴሪያ ይሻማዋል። ፈንገሱ ራሱን የሚከላከልበት አንዱ መንገድ ኬሚካል ማምረት ነው። እስካሁን ከሊከን ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ውህዶች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ሌላ ፍጥረት ውስጥ አይገኙም። ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ የለየንበት የሊትመስ ወረቀት ቀለሙ መነሻው ሊከን ነው። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ውህድ ኡስኒክ አሲድ የሚባለው ቢጫ ዱቄት ሲሆን ተነጥሎ የወጣው በ1844 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመን እናገኘዋለን፤ መልካሙም መጥፎውም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ብግነት ስንል ደግሞ ቁስል «ተቆጣ» የምንለው ነገር ነው፦ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ አራቱን ምልክቶች የመዘገባቸው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሰውነት ጀርም የሚዋጋበትና የተጎዳውን የሚጠግንበት መንገድ ነው። መከራው አልበርድ ሲል ነው፤ እንደ ሩማቶይድ ያለው የመገጣጠሚያ በሽታ ዓመታት የሚዘልቅ ብግነት ነው።

አካል ሲጎዳ ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመርታል፤ እብጠቱንና ሕመሙን የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። አስፒሪን ይህን ኢንዛይም እንደሚያግድ እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 አሳየ፣ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዳይክሎፈናክና አይቡፕሮፌን የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን እነዚያው ፕሮስታግላንዲኖች የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያግዛሉ። ዳይክሎፈናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዛ ለወራት የሚውጥ ሰው ጨጓራው የሚደማው ለዚህ ነው። ከዚህ ጉዳት የነጻ ሌላ ማብረጃ መፈለጉ የቅንጦት ምርምር አይደለም። አትራኖሪን የሚባለው የሊከን ውህድ በቤተ ሙከራ ይህንኑ ኢንዛይም ሲያግድ ታይቷል። በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች ከአንድ የኡስኒያ ዝርያ ያወጧቸው ኡስኒክ አሲድና ዲፍራክታይክ አሲድ በአይጥ ላይ ሕመምና ትኩሳት እንደሚያስታግሱ ዘግበዋል። ስለዚህ ፍንጩ ከባዶ የመጣ አይደለም።

ጭማቂው ከሻይ በምን ይለያል?

ለጅማ ሰው ይህን በቡና ማስረዳት ይቀላል። አንዱኑ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በጀበና ስናፈላው ውኃው የሚያወጣው የራሱን ያህል ነው፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ከአንድ ዱቄት ወጥተው ጉልበታቸው ይለያያል። በውኃው ፋንታ አልኮል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ይወጣ ነበር፤ ውኃ የማይነካው ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። ሊከኑ ከአፈርና ከቅርፊት ይጸዳል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያ በአብዛኛው 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለ72 ሰዓት እየተነቀነቀ ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ ሜታኖሉ በትነት ይወጣል፣ የቀረው ውኃ በቅዝቃዜ ይደርቃል፤ መጨረሻ ላይ ዝልግልግ ወይም ዱቄት ነገር ይቀራል። «ጭማቂ» የሚባለው ይህ ነው። ሜታኖል ራሱ ዐይን የሚያጠፋ መርዝ በመሆኑ ተጠርጎ መውጣቱ ግዴታ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ኡስኒክ አሲድ በውኃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። ጥናቱ የተሠራው በሜታኖል ጭማቂ ከሆነና ሰው ቤቱ ሊከን ቀቅሎ ከጠጣ፣ የተጠናውን ነገር አልጠጣም። ጥቅሙንም ሆነ ጉዳቱን ከጥናቱ መውሰድ አይችልም።

በአይጧ እግር ላይ የሚለካው ምንድን ነው?

በብዛት የሚሠራበት ሙከራ በ1962 የተዘረጋ ነው። ካራጂናን የሚባል፣ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ነገር አለ፤ አይስ ክሬም ለማወፈር የሚገባው ያው ነው። እሱን ከቆዳ ሥር ሲወጉት ግን ብግነት ይቀሰቅሳል።

ተመራማሪው አይጦቹን በዕጣ ይከፋፍላል፤ በየቡድኑ ብዙ ጊዜ ስድስት ይሆናሉ። አንዱ ቡድን ጭማቂው የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል። አንዱ የታወቀ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኢንዶሜታሲን፣ ይወስዳል። የቀሩት ጭማቂውን በተለያየ መጠን፣ ለምሳሌ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊ ግራም፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዳቸው ይገባላቸዋል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ የእያንዳንዷ አይጥ የኋላ እግር መዳፍ ሥር 1 በመቶ ካራጂናን ይወጋል፤ መጠኑ ከ0.1 ሚሊ ሊትር አያልፍም።

መለኪያው ፈሳሽ የሞላበት ጠባብ ብርጭቆ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ በቀለም መስመር ይሰመራል፤ እግሯ እስከ መስመሩ ይነከርና ከፍ ያለው ፈሳሽ መጠን በሚሊ ሊትር ይነበባል። ካበጠ ብዙ ፈሳሽ ይገፋል። አይጧ ከተወራጨች ወይም እግሯ ከመስመሩ ትንሽ ካለፈ ቁጥሩ ይበላሻል። ንባቡ በየሰዓቱ ይደገማል፣ እስከ አራተኛው ወይም ስድስተኛው ሰዓት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለማሳያ፦ በሦስተኛው ሰዓት ፈሳሽ ብቻ የጠጡት እግር በአማካይ በ0.80 ሚሊ ሊትር ቢያብጥ፣ ጭማቂ የጠጡት ደግሞ በ0.48 ቢያብጥ፣ ጭማቂው እብጠቱን በ40 በመቶ ቀነሰ ይባላል። ዜናው ላይ የሚወጣው «40 በመቶ» ይህ ነው። በሽታው 40 በመቶ ዳነ ማለት ወይም ከመቶ ሰው 40ው ተሻለው ማለት አይደለም፤ ጤነኛ የነበረች አይጥ መዳፍ ላይ ሆን ተብሎ የተቀሰቀሰ እብጠት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያን ያህል አነሰ ማለት ነው።

ሰዓቱም ይነበባል። በመጀመሪያው ሰዓት ተኩል እብጠቱን የሚመሩት ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉ የሰውነት ኬሚካሎች ናቸው፣ ቀጥሎ ብራዲካይኒን፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ወዲያ ፕሮስታግላንዲን። ጭማቂው የሠራው ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ከሆነ እንደ ዳይክሎፈናክ ያለ መንገድ ይጠረጠራል። ይጠረጠራል ነው፣ ይታወቃል አይደለም።

ለቆየ ብግነት ሌላ ሙከራ አለ፦ 10 ሚሊ ግራም የሚመዝን የጥጥ ኳስ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ከሰባት ቀን በኋላ በዙሪያው ያደገው ሥጋ ይመዘናል። ለሕመም ደግሞ ሆድ ውስጥ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ ተወግቶ አይጧ ስንት ጊዜ እንደምትኮማተር ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ያታልላል፤ ጡንቻ የሚያላላ ወይም የሚያደነዝዝ ነገርም መኮማተሩን ይቀንሳልና። የሚለካው ወይም የሚቆጥረው ሰው የትኛዋ አይጥ ምን እንደወሰደች ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ዐይኑ የፈለገውን ያያል። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስይዝ ከውጤቱ ሰንጠረዥ በፊት የምፈልገው ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜም አላገኘውም።

«ደህንነቱ ታይቷል» ሲሉ ምን አዩ?

አብዛኛው የተሳሳተ ግንዛቤ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በ1927 እንግሊዛዊው ትሬቫን መርዝነትን ለመለካት ከተሰጡት እንስሳት ግማሹን የሚገድለውን መጠን መፈለግን አመጣ። የድሮው ሙከራ ብዙ እንስሳ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚከተሉት የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 425 ነው፤ ኦኢሲዲ የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ሲሆን የኬሚካል ሙከራ ደንቦችን ያወጣል። አንዲት አይጥ በኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም ጭማቂ አንድ ጊዜ ይሰጣታል። ከተረፈች ሌሎች አራት በተራ ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም አራት ሰዓት በቅርብ ይታያሉ፦ ጸጉራቸው ቆመ? ተንቀጠቀጡ? ፈዘዙ? ተቅማጥ አለ? ከዚያ በየቀኑ እስከ 14 ቀን።

ከአምስቱ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ ከተረፉ መመሪያው «ግማሹን የሚገድለው መጠን ከ2,000 ይበልጣል» እንዲባል ይፈቅዳል። ልብ ያለው አንባቢ ደረሰበት፤ ሁለቱ ቢሞቱም ይህ ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል። በተግባር ብዙዎቹ ጥናቶች ሞት አልታየም ይላሉ፤ ያም ሆኖ የተጠየቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ከፍተኛ መጠን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገድላል ወይ? ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን አንድ ጊዜ ጠጥቶ አይተውም፤ በየቀኑ ለወራት ነው የሚጠጣው።

ለዚያ ሌላ ፈተና አለ። በ28 ቀኑ፣ ሲሻልም በ90 ቀኑ ሙከራ እንስሳቱ በየቀኑ ይወስዳሉ፣ ክብደታቸውና የሚበሉት ይመዘናል፣ መጨረሻ ላይ ደማቸው ይመረመራል። የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱት ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይለካሉ፤ የኩላሊት ነገር ደግሞ ኩላሊት ከደም በሚያጣራው ክሪያቲኒን በሚባል ቆሻሻ ይታያል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብና ጣፊያ ወጥተው ይመዘናሉ፣ በስሱ ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ከዚያም ወዲያ ለፅንስ፣ ለዘረ መልና ለካንሰር የሚደረጉት ፈተናዎች ይቀራሉ። አንድ የማስተርስ ተማሪ በእጁ ባለው ጊዜና ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ጉበት ይጎዳል?

የኡስኒክ አሲድን ታሪክ እዚህ ላይ መንገር ግድ ነው። ሴሎቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ምግብን ወደ ጉልበት ይለውጣሉ። ኡስኒክ አሲድ ሽፋናቸው እንዲያፈስ ስለሚያደርግ ምግቡ ይቃጠላል፣ ጉልበት መሆኑ ይቀርና ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ክብደት ይቀንሳል ብለው ነጋዴዎች የሸጡት ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊፖካይኔቲክስ በሚባል የክብደት መቀነሻ እንክብል ውስጥ ገባ። ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ከጀመሩ ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ጉበታቸው ተጎዳ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2001 ሰው እንዳይወስደው አስጠነቀቀ። እንክብሉ ሌሎች ኬሚካሎችም ስለነበሩበት ጥፋቱ የኡስኒክ አሲድ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። በ2004 የታተመ የሕክምና ዘገባ ግን ኡስኒክ አሲድን ለብቻው ለሁለት ሳምንት የወሰደች ወጣት ጉበቷ ሥራ አቁሞ የሌላ ሰው ጉበት እንደተተካላት ይገልጻል።

በዚያው በ2004 የብርድ ወቅት ዋዮሚንግ በተባለው የአሜሪካ ግዛት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤልክ የሚባሉ ትልልቅ አጋዘኖች ከምድር መነሣት አቅቷቸው አለቁ። ሲመረመር መሬት ላይ የሚበቅል ሊከን ግጠው ነበር። በስካንዲኔቪያ ደግሞ ቩልፒኒክ አሲድ ያለበትን ቢጫ ሊከን ተኩላና ቀበሮ ለመግደያ ሥጋ ውስጥ ይቀላቅሉት ነበር። በአንጻሩ «የአይስላንድ ሞስ» የሚባለው ሊከን በአውሮፓ ለጉሮሮ ከረሜላ ይገባል። ስለዚህ «ሊከን መርዝ ነው» ማለትም «ሊከን መድኃኒት ነው» ማለትም ያው ስሕተት ነው፤ የትኛው፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ ነው ጥያቄው። እኛ ይህን ከኮሶ እናውቀዋለን። ኮሶ ትውልዶች የጠጡት መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ዐይን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

የአይጥን መጠን ለሰው ማብዛት ይቻላል?

በቀጥታ አይቻልም። ትንሽ እንስሳ ከክብደቱ አንጻር ምግብና መድኃኒት በፍጥነት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ለግምት ያህል የአይጥን መጠን በ12.3፣ የአይጠ መጎጥን በ6.2 ያካፍላሉ። አይጥ ላይ በኪሎ 400 ሚሊ ግራም ከሠራ ለሰው በኪሎ 32.5 ገደማ ይሆናል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም የደረቀ ጭማቂ ማለት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ሊከን 5 ግራም ጭማቂ ይወጣል ብንል፣ ለአንድ ቀን 40 ግራም፣ ለአንድ ወር 1.2 ኪሎ ሊከን ያስፈልጋል። ሊከን ሲደርቅ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የነካው ያውቀዋል፤ ይህ የበርካታ ዛፍ ልብስ ነው፣ በዓመት በሚሊ ሜትር የሚያድግ። ጭማቂው ሰው ላይ ቢሠራ እንኳ በጅማ አካባቢ ካሉት ከገራ ወይም ከበለጠ ደን እየለቀሙ መሸጥ ብዙ አያስኬድም፤ መፍትሔው የሚሠራውን ውህድ ለይቶ በፋብሪካ መሥራት ወይም ፈንገሱን ማራባት ነው።

ይህ ስሌትም የሚነግረን ከየት እንደሚጀመር ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ከብት የሚታከምበት ዳይክሎፈናክ በሕንድና በፓኪስታን ሥጋቸውን የበሉ ጥንብ አንሣዎችን ኩላሊት አጥፍቶ መንጋቸውን ጨርሷል። አንዱን እንስሳ የሚያድነው ሌላውን ይገድላል፤ አይጥም ሰው አይደለችም።

እንስሳቱስ?

እግሯ የተወጋች አይጥ ታማለች፤ በሙከራው መጨረሻም ብዙ ጊዜ ትገደላለች። በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ራስልና በርች፣ ዛሬ የሚሠራበትን ሐሳብ አወጡ፦ በሌላ መንገድ መሥራት ከተቻለ እንስሳ አይነካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩ ይነስ፣ ሥቃዩም ይቀነስ። ዩኒቨርሲቲዎች ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲያየው የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ያለ ዕጣ፣ ያለ ማነጻጸሪያ፣ ማን ምን እንደወሰደ እያወቁ የሚሠራ ሙከራ አይጦቹን ለከንቱ ይፈጃል፤ በእኔ አመለካከት ከአይጥ መጠቀሙ የባሰው ነውር ይሄ ነው።

ከአይጥ እስከ ፋርማሲ ምን ይቀራል?

ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የአገራችን የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን በባህል መድኃኒት ዕፅዋት ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም እንዶድ ይመሰክራል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎቹ ማለት ነው። ውጤቱ ግልጽ ነበር። የውጭ ተቋማት ግን መርዝነቱ በእነሱ ደረጃ በተመሰከረለት ቤተ ሙከራ አልተፈተሸም ብለው ለዓመታት አዘገዩት። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። በዚያ መዘግየት ውስጥ ንቀትም ነበረበት የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ፤ የደህንነት ጥያቄው ግን መመለስ ነበረበት።

ለሊከንም ቀሪው ይኸው ነው፦ የሚሠራውን ውህድ መለየት፣ ረጅሙን የመርዝነት ፈተና መጨረስ፣ ከዚያ በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች፣ ቀጥሎ በሕመምተኞች ላይ መሞከር። ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሊከኑንና የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፈቃድና ጥቅም መጋራት ይጠይቃል።

ቀቅዬ ብጠጣውስ?

አንዲት እናት ቡና ላይ «ልጄ፣ የአያቶቻችን ጫካ ያበቀለው ምን ይለኛል?» ብለውኛል። መልሴ «እማማ፣ ለጊዜው ይተዉት» ነበር። ምክንያቱ ጫካውን መናቅ አይደለም። የትኛው ዝርያ እንደሆነ አያውቁም፣ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚናገር ጥናት የለም። በዚያ ላይ ሊከን በአየር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይስባል፤ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር የተለቀመው እርሳስና ሌላ ከባድ ብረት ሊኖረው ይችላል። ቆዳቸው በሊከን የሚቆጣባቸው ሰዎችም አሉ፤ እንጨት ቆራጮች ላይ የታወቀ ነገር ነው።

በተለይ ጉበቱ የታመመ፣ አልኮል የሚያበዛ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ፓራሲታሞል አዘውትሮ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሰው ጨርሶ አይሞክረው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቋርጦ በዚህ መተካትም አይገባም። የጠጣ ሰው ዐይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ቢያሳክከው፣ ቢያቅለሸልሸው ወይም የቀኝ ጎኑን ከጎድን አጥንት ሥር ቢያመው፣ መጠጣቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ይወቅሱኛል ብሎ አይደብቅ፤ ለስንት ቀን፣ በምን ተበጥብጦ እንደጠጣ ይንገር፣ ከሊከኑም የተረፈ ካለ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ፣ ዝርያው ሊለይ የሚችለው ከዚያ ነውና።